ከሣሩ ሥር ያለው ውኃ፦ የድንጋይ ከሰል ወጥቶባቸው በተጠገኑ መሬቶች የከርሠ ምድር ውኃ ጥራት ምርመራ አጭር ታሪክ

የድንጋይ ከሰል ከወጣበት በኋላ ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣርና ዛፍ የበቀለበት መሬት ለተመልካች ደስ ያሰኛል። ቁስሉ የሻረ ይመስላል። ኩባንያውም፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም፣ የአካባቢው ነዋሪም በዚያ ሣር ላይ ቆመው «ሥራው ተፈጽሟል» ቢሉ የሚያስገርም አይደለም፤ ዐይን የሚያየው ይህንኑ ነውና። ዐይን የማያየው ከሣሩ ሥር ያለውን ውኃ ነው። ይህ ውኃ መሬቱ ከለመለመ ከዓመታት በኋላም ብረትና የድኝ ውሁዶችን ተሸክሞ ወደ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ፣ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ሊወርድ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ስውር ውኃ ጥራት ለማወቅ የተደረገውን ጥረት ታሪክ ለማኅበራችን አባላትና ለሞያ ባልደረቦች በአጭሩ ማቅረብ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ስለ ሆነ ትረካውም በዚያው ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ስኮትላንድና ወደ ጀርመን ይሻገራል። በሌላ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፤ መሬትን መጠገንና ውኃን መጠገን ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ የመጀመሪያው በዓመታት ሲቆጠር ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በትውልድ ይቆጠራል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የቆጠረ ሕግም ሆነ ባለሞያ ዕዳውን ለልጆቹ አስተላልፏል።

የወይዘሮ ሳንደርሰን ጅረት

በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ በላካዋና ሸለቆ የምትገኘው ስክራንተን በ19ኛው ምዕተ ዓመት አንትራሳይት በሚባለው ጠንካራ የድንጋይ ከሰል የበለጸገች ከተማ ነበረች። በ1868 ሳንደርሰን የሚባሉ ወይዘሮ በዚያ አካባቢ ሜዶው ብሩክ የተባለ ጅረት የሚያቋርጠውን መሬት ገዙ። ወደ መሬቱ የሳባቸው የውኃው ንጽሕና ነበር፤ ከግዥው በፊትም ጅረቱ እስከ ምንጩ ድረስ ታይቶ ጥራቱ ተረጋግጦ ነበር። ቤት ሠሩ፤ ጅረቱን ገድበው የዓሣ ኩሬ አበጁ፤ ውኃውንም በቧንቧ ወደ ቤታቸው አስገቡ። ብዙ ሳይቆይ የፔንሲልቫኒያ ከሰል ኩባንያ ከጅረቱ በላይ ከከፈተው ማዕድን በፓምፕ እየተሳበ የሚወጣው ውኃ ወደ ሜዶው ብሩክ መፍሰስ ጀመረ። ዓሣዎቹ አለቁ፤ ቧንቧዎቹ ተበሉ፤ ውኃውም ለቤት አገልግሎት የማይውል ሆነ።

ወይዘሮዋ ኩባንያውን ከሰሱ። በ1878 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእርሳቸው የሚያደላ ውሳኔ ሰጠ። ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ተመላልሶ ቀርቦ በ1886 ያው ፍርድ ቤት የቀድሞ አቋሙን ለወጠ። የውሳኔው ይዘት፣ ውኃው በተፈጥሮ መንገዱ የወረደ የማዕድን ውኃ ነው፤ የከሰል ማውጣት ሥራ ለአገር ታላቅ ጥቅም የሚሰጥ ስለ ሆነም የአንድ ግለሰብ ችግር ለዚህ ታላቅ ጥቅም ቦታ ይልቀቅ የሚል ነበር። ይህ ፍርድ በፔንሲልቫኒያ ለረጅም ዘመን የማዕድን ውኃን በሚመለከት እንደ መመሪያ ተቆጥሮ ኖሯል።

ይህን የፍርድ ታሪክ በመግቢያነት ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅረቱን እስከ ምንጩ ተከትሎ መመርመር እኛ ዛሬ ከቁፋሮ በፊት የሚደረግ የመነሻ ልኬት የምንለው ተግባር መሠረታዊ ሐሳብ ነው። በዚያ ዘመን የክርክሩ እምብርት ውኃው ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም የሚለው አልነበረም፤ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው ነበር። የጎደለው ሕግ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገልብጦ፣ ሕጉ ተገኝቶ ልኬቱ ጎድሎ እናየዋለን።

አሲዱ ከየት ይመጣል?

ከከሰል ጋርና ከከሰሉ በላይና በታች ባለው ዐለት ውስጥ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን በብዛት ይገኛል። ከመሬት በታች አየር ሳይደርሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሳይለወጥ ይኖራል። ቁፋሮው ዐለቱን ሰባብሮ ከአየርና ከውኃ ጋር ባገናኘው ጊዜ ግን ድኙ ወደ ሰልፌት ይለወጣል፤ አሲድ ይፈጠራል፤ ብረቱም ሟሙቶ ከውኃው ጋር ይጓዛል። አሲዱ በመንገዱ ያገኘውን ዐለት እየበላ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም ይጨምርበታል። ውኃው ወደ ገጸ ምድር ወጥቶ አየር ባገኘ ጊዜ ብረቱ ይዝግና ብርቱካናማ ዝቃጭ ሆኖ የጅረቱን ወለል ያለብሳል። በዚያ ዝቃጭ ሥር ዓሣው የሚመገባቸው ጥቃቅን ነፍሳት ታፍነው ያልቃሉ።

ለብዙ ዘመን ይህ ነገር ተራ የኬሚካል ለውጥ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1947 ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በማዕድን ውኃ ውስጥ ብረትን በማዛግ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በሥራው እንደሚሳተፉ አሳወቁ። በ1970 ደግሞ ሲንገርና ሽቱም ባወጡት ጥናት፣ የጠቅላላውን ሂደት ፍጥነት የሚወስነው የሟሟው ብረት የመዛግ ደረጃ መሆኑንና ባክቴሪያዎቹ ይህን ደረጃ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊያፋጥኑት እንደሚችሉ አስረዱ። የዛገው ብረትም መልሶ ፒራይቱን ያጠቃዋል። ነገሩ ራሱን በራሱ የሚመግብ እሳት ይመስላል፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ማገዶው እስኪያልቅ ወይም አየሩ እስኪዘጋ ድረስ አይቆምም።

ከዚህ ዕውቀት አንድ ተግባራዊ ዘዴ ተወለደ። በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ ባለሞያዎች ከከሰሉ በላይ ያለው ዐለት በውስጡ የያዘውን አሲድ አመንጪ ድኝና አሲድን የሚያከሽፈውን የኖራ ይዘት እንደ ገቢና ወጪ ሒሳብ አመዛዝኖ የማየት ዘዴን አዳበሩ፤ የዘዴው መመሪያም በ1978 በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ታትሞ ወጣ። በዚህ ሒሳብ መሠረት በፒራይት መልክ 1 በመቶ ድኝ ያለበት 1,000 ቶን ዐለት የሚያመነጨውን አሲድ ለማክሸፍ 31.25 ቶን የካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ታላቅ ለውጥ አመጣ። ከዚያ በፊት የውኃው መበላሸት የሚታወቀው ከተበላሸ በኋላ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን መሬቱ ሳይቆፈር የዐለቱን ናሙና መርምሮ የሚመጣውን መገመት ተቻለ።

ፓምፑ በቆመ ጊዜ

ስለ ሜዶው ብሩክ በተነሣው የላካዋና ሸለቆና በአጎራባቹ የዋዮሚንግ ሸለቆ የሆነው ሌላ ታሪክ የውኃን ነገር ለብዙኃን አስረዳ። በጃንዋሪ 22 ቀን 1959 ኖክስ በተባለ ኩባንያ የሚሠራበት የከሰል ዋሻ ከሰስኩሃና ወንዝ ወለል ሥር እጅግ ተጠግቶ በመቆፈሩ ጣሪያው ተደርምሶ ወንዙ ወደ ውስጥ ገባ። 12 ሠራተኞች ሞቱ። ወደ 10 ቢሊዮን ጋሎን የሚገመት ውኃ እርስ በርሳቸው የተያያዙትን ዋሻዎች ሞላቸው። በዚያ አካባቢ ለብዙ ዘመን የኖረው የከርሠ ምድር ከሰል ማውጣት ሥራ ከዚህ በኋላ በአብዛኛው አከተመ።

ማዕድኑ ሲዘጋ ፓምፖቹም ቆሙ። ፓምፖቹ ዝቅ አድርገው ይዘውት የኖሩት የከርሠ ምድር ውኃ ወደ ጥንት ቦታው መመለስ ጀመረ፤ ሲመለስ ግን እንደ ጥንቱ ንጹሕ ሆኖ አልነበረም። በመንገዱ ያገኛቸውን የዛጉ ግድግዳዎች እያጠበ፣ ለብዙ ዓመታት የተከማቸውን የብረትና የሰልፌት ጨው እያሟሟ ወጣ። የቤቶችን ምድር ቤት እንዳያጥለቀልቅ ለማስተንፈስ በ1962 ኦልድ ፎርጅ በተባለው ስፍራ ጉድጓድ ተቆፈረለት። ያ ጉድጓድ በቀን ከ40 እስከ 100 ሚሊዮን ጋሎን የሚገመት ብረት ያዘለ ውኃ ወደ ላካዋና ወንዝ ሲያፈስ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማዕድኑ ሞቷል፤ ውኃው ግን ሥራውን አላቆመም።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ለክፍት ማዕድን ማለትም ከላይ ተገልጦ ለሚወጣ ከሰልም ያገለግላል። ጉድጓዱ በተሞላ ጊዜ ውኃው ተመልሶ ይገባበታል። የሚገባው ግን በጥንቱ ዐለት ውስጥ ሳይሆን በተፈረካከሰ ሙሌት ውስጥ ነው። የተፈረካከሰ ዐለት ከነበረው ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ውኃው እንደ ልቡ እንዲመላለስ ያደርገዋል። ለአየርና ለውኃ የተጋለጠው ገጽም ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የተሞላ ጉድጓድ ያልተቆፈረ መሬት አይደለም፤ አዲስ የውኃ ማኅደር ነው፤ ጠባዩም እንደ አዲስ መጠናት አለበት።

የ1977ቱ ሕግ

ፔንሲልቫኒያ የወንዞችን ንጽሕና የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1937 ነበር። ሆኖም የማዕድን ውኃ ከሕጉ ተፈጻሚነት ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ስለ ነበር የ1886ቱ ፍርድ መንፈስ በተግባር ቀጠለ። ይህ ልዩ መብት የተነሣው በ1965 በተደረገው ማሻሻያ ነው። በዚሁ ዘመን ግዙፍ መቆፈሪያዎች የተራሮችን ጫፍ እየገለጡ ከሰል ማውጣት በመጀመራቸው የተራቆተው መሬት የብዙ ክፍለ ሀገራት ሕዝብ አቤቱታ ሆነ። የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቃቸውን ሁለት ረቂቆች ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974ና በ1975 ሳይፈርሙባቸው መለሷቸው። በመጨረሻም ኦገስት 3 ቀን 1977 ፕሬዚዳንት ካርተር በፊርማቸው ያጸደቁት የገጸ ምድር ማዕድን ቁጥጥርና የመሬት ጥገና ሕግ ወጣ።

ሕጉ ስለ መሬት ብቻ ሳይሆን ስለ ውኃም ብዙ ይናገራል። ፈቃድ የሚጠይቅ ኩባንያ ሥራው በከርሠ ምድርና በገጸ ምድር ውኃ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት አስቀድሞ አጥንቶ እንዲያቀርብ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በአካባቢው ያሉት ማዕድናት ተደማምረው የሚያስከትሉትን ጉዳት እንዲገመግም ያዛል። የሰው የውኃ ጉድጓድ በገጸ ምድር ቁፋሮ ምክንያት ከደረቀ ወይም ከተበላሸ ኩባንያው እንዲተካ ያስገድዳል። በ1992 የወጣ ሌላ ሕግም ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውል ውኃን በሚመለከት ይህን ግዴታ ከመሬት በታች በሚከናወን የከሰል ሥራ ላይ ጣለ። ለወይዘሮ ሳንደርሰን የጎደለው ሕግ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ሕጉ በአንድ በኩል የመሬትን ሰዓት ይቆጥራል። ኩባንያው ግዴታውን ለመፈጸሙ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። ጉድጓዱ ተሞልቶ መሬቱ ቅርጹን ከያዘ ከገንዘቡ እስከ 60 በመቶ ሊመለስለት ይችላል። ቀሪው ኃላፊነት የሚቆየው ከመጨረሻው ዘር ጊዜ አንሥቶ 5 ዓመት፣ ዝናብ በሚያንስባቸው ማለትም በዓመት ከ26 ኢንች በማይበልጥባቸው አካባቢዎች ደግሞ 10 ዓመት ነው። ይህ ቆጠራ የተመሠረተው በሣር ጠባይ ላይ ነው፤ ሣር በ5 ዓመት ሥር መስደዱ ይታወቃልና። እርግጥ ሕጉ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የገጸ ምድርም ሆነ የከርሠ ምድር ውኃ ብክለት መኖር አለመኖሩ፣ ወደ ፊትም ሊቀጥል መቻሉና የማስወገጃው ወጪ እንዲታይ ያዛል። ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱ ግን ባለሞያው በእጁ በያዘው ልኬት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ምን ይለካ? የት ይለካ? መቼ ይለካ?

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የማዕድን ውኃ ክፋት የሚለካው በፒኤች፣ ማለትም በአሲድነቱ ደረጃ ነበር። ፒኤች ከፍ ካለ ውኃው ዳነ ይባል ነበር። ይህ አስተያየት አሳሳች መሆኑ ቀስ በቀስ ታወቀ። ሙሌቱ ወይም አካባቢው የኖራ ድንጋይ ካለው አሲዱ ይከሽፋል፤ ፒኤችም ወደ መደበኛው ይመለሳል፤ ሰልፌቱ ግን በውኃው ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ብረቱና ማንጋኒዙ አብረውት ይቀራሉ። ስለዚህ ሰልፌት የፒራይት መዛግ አሻራ ነው። አሲዱ ጠፍቶም አሻራው አይጠፋም። ልምድ ያለው መርማሪ በሰልፌት መጠን ውኃው በየት እንዳለፈ ሊያነብ ይችላል።

በዌስት ቨርጂኒያና በፔንሲልቫኒያ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ከ1996 እስከ 1998 ያካሄደውና በ2006 ያሳተመው ምርመራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መርማሪዎቹ በተጠገኑ የክፍት ማዕድን መሬቶች አጠገብ ካሉ ጉድጓዶች የተቀዳውን ውኃ ካልተቆፈረባቸው አካባቢዎች ውኃ ጋር አነጻጸሩ። መሬቱ ተሞልቶ፣ ሣር ለብሶ፣ በሕጉ መሠረት ተጠግኖ ሳለ በአቅራቢያው ያሉት ጉድጓዶች ውኃ ሰልፌት፣ ብረትና ማንጋኒዝ ካልተቆፈረበት አካባቢ ውኃ በልጦ ተገኘ። ንጽጽሩ የተቻለው ያልተነካ መሬት ውኃ እንደ ሚዛን ስለ ቀረበ ነው። ሚዛኑ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ቁጥር ብቻውን ምንም ባልተናገረ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ያልተቆፈረ መሬት ውኃም ብረትና ማንጋኒዝ ሊኖረው ይችላልና።

በምዕራባዊው የአሜሪካ ክፍል፣ በሞንታናና በዋዮሚንግ ግዛቶች፣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ደረቅ አገር የከሰሉ ንጣፍ ራሱ ውኃ የሚገኝበት ዐለት ነው። ከሰሉ ሲወጣ የገበሬውና የከብት አርቢው የውኃ ማኅደር አብሮ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው ሙሌት ነው። አካባቢው የኖራ ይዘት ስላለው ውኃው አብዛኛውን ጊዜ አሲድ አይሆንም፤ ሆኖም በሙሌቱ ውስጥ ያለውን ጨው እያሟሟ ከነበረው ይልቅ ጨዋማ ይሆናል። ፒኤችን ብቻ የለካ ሰው በዚህ ስፍራ ምንም ጉዳት የለም ብሎ ሊፈርም ይችል ነበር።

የናሙና አወሳሰድም የራሱ ሥርዓት አለው። ለብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ የጉድጓድ ውኃ የዐለቱን ውኃ አይወክልም፤ ስለዚህ በቅድሚያ ቆሞ የኖረው ይቀዳና ይጣላል። ፒኤችና ሙቀት በዚያው በጉድጓዱ አፍ ይለካሉ። ለብረት የሚወሰደው ናሙና በቦታው ተጣርቶ አሲድ ካልተጨመረበት ብረቱ በመንገድ ላይ ዝጎ በጠርሙሱ ወለል ላይ ይሰፍራል፤ ቤተ ሙከራውም ውኃው ከብረት የጸዳ ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ጉድለት የተነሣ የተሳሳተ ወረቀት በሕግ ፊት እንደ እውነት ሊቆጠር ይችላል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በሚጠጣው ሰው ላይ ነው።

መቼ ይለካ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት በስኮትላንድ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። ውድ፣ ያንገርና ሮቢንስ በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ከተተዉ የከርሠ ምድር ከሰል ማዕድናት የሚወጣውን ውኃ ለረጅም ጊዜ ተከታትለው፣ ብክለቱ እጅግ የሚበረታው ውኃው መውጣት በጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት መሆኑን፣ ወደ 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ዝቅ ወዳለ ደረጃ ወርዶ እንደሚረጋ አስረድተዋል። ይህ መልካም ዜናም ክፉ ዜናም ነው። መልካሙ፣ ክፉው ዘመን ያልፋል። ክፉው፣ የ5 ዓመት ዋስትና የ40 ዓመትን ታሪክ አይሸፍንም።

ከላውዚትስ እስከ በርሊን

የውኃ ዕዳ ከማዕድኑ ድንበር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት ጀርመንን መመልከት ይጠቅማል። በምሥራቅ ጀርመን ላውዚትስ በተባለው አውራጃ ቡናማው ለስላሳ ከሰል ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በክፍት ማዕድን ይወጣ ነበር። ለሥራው እንዲያመች የከርሠ ምድሩ ውኃ በፓምፕ ተስቦ ዝቅ ተደርጎ ኖረ፤ ውኃው የጎደለበት ስፋት ወደ 2,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ጉድለቱም ወደ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይገመት ነበር። ከ1990ው የጀርመን ውሕደት በኋላ ብዙዎቹ ማዕድናት ተዘጉ። ጉድጓዶቹ በውኃ ተሞልተው ሐይቆች ሆኑ፤ ዛሬ ሕዝብ የሚዝናናባቸው ናቸው። መልክአ ምድሩ በእርግጥ አምሯል።

የከርሠ ምድሩ ውኃ ግን ወደ ቦታው ሲመለስ ለአየር ተጋልጦ በኖረው አሸዋ ውስጥ የተከማቸውን ብረትና ሰልፌት ይዞ ሽፕሬ ወደተባለው ወንዝ ወረደ። የወንዙ አንዳንድ ክፍል መልኩ ቡናማ ሆነ። የበርሊን ከተማ የመጠጥ ውኃዋን ከፊል የምታገኘው ከሽፕሬ ዳር ከሚቀዳ ውኃ በመሆኑ ሰልፌቱ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የዋና ከተማ ጉዳይ ሆነ። የጀርመን የመጠጥ ውኃ ደንብ ለሰልፌት የወሰነው ጣራ በሊትር 250 ሚሊግራም ነው። ብረትን በዝቃጭነት ማስቀረት ይቻላል፤ ሰልፌትን ግን ከወንዝ ሙሉ ማጣራት እጅግ ውድ ስለ ሆነ በተግባር የተያዘው መንገድ ንጹሕ ውኃ ከግድብ እየለቀቁ ማቅጠን ነው። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ግን የሚቀጥነበት ውኃም ያንሳል።

ዕዳውን የሚከፍል ማን ነው?

በአሜሪካ ከ1977ቱ ሕግ በፊት የተተዉ ማዕድናት ዕዳ የሚከፈለው በወጣ ከሰል ላይ ከሚጣል ቀረጥ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ነበር። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለዚሁ ተግባር 11.3 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በ2022 መጨረሻም ግዛቶች በየዓመቱ ከሚደርሳቸው ከዚህ ገንዘብ እስከ 30 በመቶ ያህሉን ለረጅም ጊዜ የአሲድ ውኃ ማጣሪያ በአደራ እንዲያስቀምጡ የሚፈቅድ ሕግ ተጨመረ። የዚህ ሕግ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጉድጓድ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ውኃ ግን በየቀኑ ይጣራል። በፔንሲልቫኒያም ከሕጉ በኋላ የተከፈቱ አንዳንድ ማዕድናት ውኃቸው ሳይጠራ በመቅረቱ ማጣሪያውን ለዘለቄታው የሚያንቀሳቅስ የአደራ ገንዘብ እንዲያቋቁሙ ተደርጓል።

የልኬት ጉዳይ ዛሬም ክርክር አልተለየውም። በዲሴምበር 2016 የወጣ አንድ የፌዴራል ደንብ ከቁፋሮ በፊት የሚደረገው የመነሻ ልኬትና በሥራው ጊዜ የሚደረገው ክትትል እንዲጠናከር ይጠይቅ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2017 የአሜሪካ ምክር ቤት ሻረው። ደንቡን የተቃወሙት ወጪውን፣ የደገፉት ደግሞ የውኃውን ደኅንነት ያነሡ ነበር። በ1886 በስክራንተን የተነሣው ጥያቄ በ130 ዓመቱም አልተዘጋም ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ

በአገራችን የድንጋይ ከሰል በእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል በተኙ ደለል ወለድ ንጣፎች ውስጥ ይገኛል፤ በጅማ አካባቢ ደልቢ ሞዬ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ በጎንደር ጭልጋ ከሚታወቁት ስፍራዎች ናቸው። ባለፉት ዓመታት ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ማገዶ ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት የተያዘው ጥረት ከሰል የማውጣትን ሥራ አስፋፍቷል። ያዩ በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው የጫካ ቡና አገር ነው። በአገራችን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ መሬት ማገገም ግዴታ ጥለዋል። እንግዲህ ሕግ የለም አንልም። ሊጎድል የሚችለው ያው በሌላ አገር ሲጎድል ያየነው ልኬት ነው።

ከላይ የተተረከው ታሪክ ለባለሞያ የሚያስተምረው ጥቂትና ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ያሉ ምንጮችና ጉድጓዶች ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለኩ፤ የዝናብ ጊዜ ውኃና የበጋ ውኃ አንድ አይደሉምና። ሁለተኛ፣ ከከሰሉ በላይ ያለው ዐለት የድኝና የኖራ ሒሳቡ ይሠራ፤ ክፉው ዐለት ታውቆ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። ሦስተኛ፣ የመከታተያ ጉድጓዶች በሙሌቱ ውስጥና ከሙሌቱ በታች በውኃው አቅጣጫ ይቆፈሩ፤ ፒኤች ብቻ ሳይሆን ሰልፌት፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይመዝገቡ። አራተኛ፣ የዋስትናው ዘመን የሣርን ዕድሜ ሳይሆን የውኃን ጠባይ ይከተል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ነገር ግን በፔንሲልቫኒያና በላውዚትስ ከተከፈለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። በተጠገነ መሬት ላይ «ግዴታው ተፈጽሟል» የሚለውን ወረቀት የሚፈርመው ሰው ብዙውን ጊዜ ከእኛ አንዱ ነው። በሣሩ ላይ ቆሞ ሲፈርም የሚያየው ለምለም ሜዳ ነው፤ የሚፈርመው ግን ስላላየው ውኃ ጭምር ነው። ከሜዳው በታች ባለው መንደር ውኃ የምትቀዳ እናት የሰልፌት ሰንጠረዥ አታነብም፤ የባለሞያውን ፊርማ አምና ትጠጣለች። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ወይዘሮ ሳንደርሰን መሬቱን ሲገዙ እንደ ተደረገው ውኃውን እስከ ምንጩ እንከተለው፤ ያየነውንም በዐይናችን ብቻ ሳይሆን በቁጥር መዝግበን ለሚተኩን እናስተላልፍ።